የኮፈን የጌጥ ስኩፕ ማንሳት ወይም ማስተካከል፦ ከላይ ሳይሆን ከሥር ጀምሩ

«ኮፈኔ ላይ ያለውን ስኩፕ ማንሳት ፈልጌ ነበር፤ ቀለሙን ያበላሸዋል?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ስኩፕ የምንለው በኮፈኑ (በሞተር ክዳኑ) ላይ ከፍ ብሎ የሚታየውን የአየር ማስገቢያ ቅርጽ ነው። መልሴ ሁሌም በሌላ ጥያቄ ነው የሚጀምረው። ኮፈኑን ከፍታችሁ ከሥር አይታችሁታል?

አብዛኛው ሰው አላየም። ከላይ ሲታይ ሁሉም ስኩፕ ይመሳሰላል። ከሥር ሲታይ ግን አንዱ በማጣበቂያ ብቻ የተለጠፈ ነው። ሌላው በብሎንና በዳዶ ታስሯል። ሌላው ደግሞ ከኮፈኑ ጋር አብሮ የተቀረጸ ነው። የመጀመሪያውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ትጨርሱታላችሁ። ሁለተኛው ሲነሳ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ሦስተኛው አይነሳም፤ ወይ ኮፈን መቀየር ነው፣ ወይ ቆርጦ ላሜራ መበየድ። ስለዚህ ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ እወቁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለማንሳት፦
- የእጅ ባትሪ እና ትንሽ ማግኔት
- የመኪና ሻምፖ፣ ውሃ፣ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቆች
- የወረቀት ፕላስተር (ማስኪንግ ቴፕ)
- የፀጉር ማድረቂያ (ፎን)
- ጠንካራ የዓሣ ማጥመጃ ክር፣ ወደ 1 ሜትር፣ እና ሁለት አጫጭር እንጨት
- የፕላስቲክ መፋቂያ ወይም ያረጀ የባንክ ካርድ
- ሙጫ ማስለቀቂያ ፈሳሽ እና አልኮል
- ቡሶላና ቁልፍ (ብዙ ጊዜ 8 እና 10 ቁጥር)፣ ፒንሳ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት
- ኮምፓውንድ እና ፖሊሽ (የደበዘዘ ቀለም ማጽጃና ማብረቂያ)
- ጓንትና የዓይን መነጽር

ቀዳዳ ካለ በተጨማሪ፦
- የጎማ መድፈኛ እና ሲልኮን፣ ወይም ላሜራና ብየዳ
- ስቱኮ ከነማድረቂያው፣ ስፓቱላ
- ብርጭቆ ወረቀት 80፣ 180፣ 320 እና 400 ቁጥር፣ ከነመያዣ እንጨቱ
- ለባዶ ብረት የሚሆን ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት)፣ ቀለም፣ ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚቀባ ቀለም አልባ ሽፋን)
- የአቧራ ማስክ

1. በእርግጥ ጌጥ መሆኑን አረጋግጡ

ኮፈኑን ክፈቱና በመደገፊያው አቁሙት። የእጅ ባትሪውን ከላይ በስኩፑ አፍ በኩል አብሩ፤ ሌላ ሰው ከሥር ይይ። ብርሃኑ ካላለፈ አፉ ዝግ ነው፤ ጌጥ ነው ማለት ነው። ካለፈ ደግሞ ከስኩፑ በታች ሞተሩ ላይ ምን እንዳለ ተመልከቱ። እንደ ራዲያተር ቀጫጭን ክንፍ ያለው ዕቃ፣ ዙሪያውን ጎማ ወይም ስፖንጅ ተደርጎበት ከስኩፑ ጋር ገጥሞ ካገኛችሁ ኢንተርኩለር ነው።

ይሄ ለምን አስፈለገ? ቱርቦ የሚያምቀው አየር ይሞቃል። ኢንተርኩለር ያንን አየር ያቀዘቅዛል፤ የሚያቀዘቅዘው ደግሞ በስኩፑ በሚገባው ንፋስ ነው። ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ እንዲህ ነው። ባለ 3 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ የነበረው የቀድሞው ቶዮታ ሃይሉክስም እንዲሁ። እንዲህ ዓይነቱን ስኩፕ ከደፈናችሁት መኪናው ጉልበት ያጣል፤ በተለይ ዳገት ላይና ጭነት ሲኖር። ይህ የእናንተ መኪና ከሆነ እዚህ ጋ አቁሙ። አትንኩት።

2. አያያዙን ለዩ

ከኮፈኑ ሥር ሙቀትና ድምፅ የሚከላከል ምንጣፍ ካለ አንሱት። በፕላስቲክ ክሊፖች ነው የሚያዘው። የክሊፑን መሐል ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ነው የምታወጡት፤ ከዳር ይዛችሁ አትጎትቱ። ለዓመታት የሞተር ሙቀት የበላው ፕላስቲክ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሁለት ሦስት መለዋወጫ ክሊፕ ከወዲሁ ብታዘጋጁ አይከፋም።

አሁን ልክ ከስኩፑ ሥር ያለውን ቦታ ፈልጉ። ዳዶ ወይም የብሎን ጫፍ ከታየ የታሰረ ነው። ክብ ጠፍጣፋ የብረት ጭንቅላት ከታየ በሪቬት የተመታ ነው። ምንም ካልታየና ላሜራው ሙሉ ከሆነ የተለጠፈ ነው። ላሜራው ራሱ ወደ ላይ አብጦ ስኩፑን ከሠራ አብሮ የተቀረጸ ነው።

አንዳንዱ በሁለቱም ነው የተያዘው፤ ዳዶም አለው፣ ዙሪያውን ማጣበቂያም አለው። ዳዶውን ፈትታችሁ «እምቢ አለኝ» ብላችሁ በጉልበት የምትስቡት ያኔ ነው፤ ቀለሙም የሚላጠው ያኔ ነው።

ማግኔቱንም ሞክሩ። ከያዘ ኮፈኑ ብረት ነው። ካልያዘ አሉሚኒየም ወይም ፋይበር ግላስ ነው። በጣታችሁ አንኳኩት፤ አሉሚኒየም እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል፣ ፋይበር ግላስ ድምፁ ድፍን ነው። ቀዳዳ ስትደፍኑ ይህ ልዩነት ዘዴውን ሁሉ ይቀይረዋል።

3. እጠቡ፣ ሸፍኑ

ስኩፑንና ዙሪያውን በሻምፖ ሙልጭ አድርጋችሁ እጠቡ፤ አድርቁ። ስፌቱ ውስጥ የተደበቀ አሸዋ በክር ሲጎተት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚፍቀው። ከዚያ የስኩፑን ዙሪያ በወረቀት ፕላስተር፣ በሁለት ድርብ ሸፍኑ። ቦታውን ከተለያየ አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። መልሳችሁ ልትለጥፉት ከፈለጋችሁ ይጠቅማችኋል።

4. የተለጠፈውን ማንሳት

የመጀመሪያውን ስኩፕ ያነሳሁት በካቻቪቴ ነበር። ጫፉን ጨርቅ ጠቅልዬበት ከፊት በኩል አስገብቼ ከፍ አደረግኩት። ስኩፑ ተነሳ። አብሮት ግን ሁለት ቦታ ላይ የጥፍር ስፋት የሚያህል ቀለም ተነሳ፤ ላሜራው ራቁቱን ታየ። ኮፈኑ በሙሉ መቀባት ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ምንም ብረት አላስገባም፤ እናንተም አታስገቡ።

ትክክለኛው መንገድ ሙቀትና ክር ነው።

ፎኑን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ያዙት። አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት፤ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሳችሁ አንዱን ጥግ ለሁለት ሦስት ደቂቃ አሙቁ። ልኩን በእጃችሁ እወቁ፤ መዳፋችሁን አሳርፋችሁ ሁለት ሦስት ሰከንድ መቆየት ካቃታችሁ በዝቷል። የሙቀቱ ሥራ ማጣበቂያውን ማለስለስ ነው። ሲቀዘቅዝ ማጣበቂያው ቀለሙን ከሥሩ ይዞ ይነሳል፤ ሲሞቅ ግን ቀለሙን ትቶ ራሱ ይለጠጣል። በብርድ ጠዋት ይህን ሥራ አትጀምሩ የምለውም ለዚህ ነው። መኪናው ፀሐይ ላይ ቆይቶ ከሆነ ግማሹ ሥራ አልቋል።

የክሩን ሁለት ጫፎች እንጨቶቹ ላይ ጠምጥሙ፤ አለበለዚያ ጣታችሁን ይቆርጣል። ክሩን በሞቀው ጥግ ከስኩፑ ሥር አስገቡና እንደ መጋዝ ሳቡ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ክሩ ወደ ስኩፑ ይደገፍ እንጂ ወደ ቀለሙ አይጫን። የማጣበቂያው ስፖንጅ ሲቆረጥ ቀጭን የመቀደድ ድምፅ ይሰማል፤ ክሩም ቀለል ይላችኋል። ድምፁ ጠፍቶ ክሩ ከከበደ ቦታው ቀዝቅዟል ማለት ነው። አትታገሉ፤ መልሳችሁ አሙቁ። በአንዴ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ አትሂዱ።

መጨረሻ ላይ ስኩፑን የሚይዝ ሰው ይኑር። ሳይታሰብ ተላቆ በኮፈኑ ላይ ሲንሸራተት የሚተወው ጭረት ማጣበቂያው ከሚተወው ይብሳል።

አንድ የተለየ ነገር አለ። አንዳንዱ ስኩፕ በስፖንጅ ፕላስተር ሳይሆን የፊት መስታወት በሚለጠፍበት ዓይነት ጥቁር ማጣበቂያ ነው የተያዘው። ይሄ በሙቀት እምብዛም አይለሰልስም። ክሩ ካልቆረጠው የመስታወት ማውጫ ሽቦ ያስፈልጋል። በዚህኛው ቀለም መነካቱ አይቀርም ብላችሁ ተዘጋጁ፤ ወይም ለቦዲ ሠራተኛ ስጡት።

5. የታሰረውን ማንሳት

ዳዶዎቹ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ርጩና 15 ደቂቃ ጠብቁ። ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ የተተከሉት ስኩፑ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ዳዶው ዝጎ ከተያዘና በጉልበት ካዞራችሁት ብሎኑ ፕላስቲኩን ፈልፍሎ አብሮ መዞር ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ በቁልፍ አይፈታም። እንዳይደርስባችሁ ትንሽ ፍቱ፣ ትንሽ መልሳችሁ እሰሩ፣ እንደገና ፍቱ። ከዞረባችሁ የብሎኑን ጫፍ በፒንሳ ያዙ። እሱም እምቢ ካለ ዳዶውን ከሥር መቁረጥ ነው።

ሪቬት ከሆነ ጭንቅላቱን በድሪል ብሉት። የፑንታው ውፍረት ከሪቬቱ ግንድ እኩል ይሁን። ከበለጠ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ የምትደፍኑት እናንተው ናችሁ። ጭንቅላቱ እንደተለየ አቁሙ።

ዳዶዎቹና ሪቬቶቹ ካለቁ በኋላ ስኩፑ ካልተነቃነቀ ዙሪያው ማጣበቂያ አለው። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

6. የማጣበቂያውን ቅሪት ማጽዳት

ትዕግሥት የሚጠይቀው ይሄ ነው። ቅሪቱን ትንሽ አሙቁና በአውራ ጣታችሁ እየገፋችሁ አንከባልሉት። ግራጫው ስፖንጅ እየተንከባለለ ትንንሽ ኳስ ይሆናል፤ ኳሱ ራሱ ሌላውን እየለቀመ ይሄዳል። ጣት ይደክማል፣ ቀለሙን ግን አይጎዳም። የቀረውን ስስ ሙጫ በማስለቀቂያ ፈሳሽ አርሱ፤ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና በባንክ ካርዱ ፍቁ። መጨረሻ ላይ በአልኮል ጥረጉ።

ጥንቃቄ፦ ቲነር አትጠቀሙ። መኪናው አንዴ ተቀብቶ ከነበረ ቲነር ቀለሙን ሊያቀልጠው ይችላል። የማስለቀቂያ ፈሳሹንም አስቀድማችሁ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በኮፈኑ የውስጥ ጠርዝ ላይ፣ ሞክሩት። ምላጭ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ።

አሁን የስኩፑ ቅርጽ ቀለሙ ላይ እንደ ጥላ ሊታያችሁ ይችላል። አትደንግጡ። ከሥሩ ያለው ቀለም ፀሐይ አላገኘውም፤ ውጪው ግን ለዓመታት ደብዝዟል። መላውን ኮፈን በኮምፓውንድ ከዚያም በፖሊሽ ሥሩት። የደበዘዘው ሲገፈፍ ልዩነቱ ይጠባል፤ ብዙ ጊዜም ይጠፋል። የውጪው ክሊር ነጥቶ መላጥ ጀምሮ ከሆነ ግን ፖሊሽ አያድነውም፤ ቀለም ያስፈልገዋል።

ቀዳዳ ከሌለ ሥራችሁ እዚህ አበቃ። ወደ ደረጃ 10 እለፉ።

7. ቀዳዳውን መድፈን

በጣም የማየው ስህተት ይሄ ነው፤ ቀዳዳውን በስቱኮ ብቻ ሞልቶ መቀባት። ለሁለት ሳምንት ያምራል። ኮፈን ግን በሞተር ሙቀት ይሰፋል፣ ሌሊት ይሰበሰባል፣ በየቀኑ ተከፍቶ ይዘጋል። ስቱኮ ደግሞ ውሃ ይጠጣል፤ ከሥር ክፍት ከሆነ እርጥበት ገብቶ ዙሪያውን ዝገት ያስነሳል። በመጨረሻ የቀለም ክዳኑን ይዞ ይወድቃል። ስቱኮ የሚያስተካክለው ገጽን ብቻ ነው። ቀዳዳውን የሚዘጋው ሌላ ነገር መሆን አለበት።

ለጊዜው ከሆነ፦ የቀዳዳውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱና ፕራይመር ቀቡት። ሲደርቅ ልኩ የሆነ የጎማ መድፈኛ በስስ ሲልኮን ግጠሙ። ጠርዙን ሳትቀቡ ብትደፍኑት ዝገቱ ከጎማው ሥር ተደብቆ ነው የሚያድገው።

ለዘለቄታው፣ ኮፈኑ ብረት ከሆነ፦ ብየዳ ነው። በቀዳዳው ዙሪያ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ቀለሙን አንሱ። የመዳብ ቁራጭ ከሥር ደግፉ፤ ብየዳ መዳብ ላይ አይዝም፣ ሙቀቱንም ይወስዳል። በነጥብ በነጥብ ብየዱ፤ በየነጥቡ መሐል በእጅ እስኪነካ ድረስ ይቀዝቅዝ። የኮፈን ላሜራ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ሳያቋርጡ ከበየዱት ይጠማዘዛል፤ ያንን ማቅናት ቀዳዳውን ከመድፈን አሥር እጥፍ ይከብዳል። ቶሎ እንዲበርድ ብላችሁም ውሃ አታፍስሱበት።

አሉሚኒየም ከሆነ ብየዳው የተለየ መሣሪያና የለመደ እጅ ይፈልጋል። የሚቀለው ከሥር በኩል የአሉሚኒየም ቁራጭ በባለ ሁለት ድብልቅ የቦዲ ማጣበቂያ መለጠፍ ነው። ብረት የፋቃችሁበትን ብርጭቆ ወረቀት አሉሚኒየም ላይ አትድገሙት፤ የቀረው የብረት ብናኝ ከቀለሙ ሥር አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

ፋይበር ግላስ ከሆነ የቀዳዳውን ጠርዝ በሰፊው ተዳፋት አድርጋችሁ ፍቁ፤ ከሥር በሬዚንና በፋይበር ጨርቅ ድርብ ድርብ አድርጋችሁ ሙሉ። ብናኙ ቆዳ ያሳክካል፣ ሳንባም ይጎዳል። ጓንትና ማስክ የግድ ነው።

ጥንቃቄ፦ የሚበየድ ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱና ኮፈኑን ከመኪናው ላይ አውርዱት። ከታች ቤንዚን፣ ዘይትና ሽቦ አለ። ሲወርድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ብሎኖቹን ከመፍታታችሁ በፊት በማጠፊያዎቹ ዙሪያ በማርከር መስመር አስምሩ፤ ሲመለስ ክፍተቱ እኩል እንዲሆን የሚመራችሁ ያ መስመር ነው። የውሃ መርጫውን ቱቦ መንቀልም አትርሱ። ከኮፈኑ ሥር ያለውን አጥንት ደግሞ በምንም ምክንያት አትቁረጡ፤ ኮፈኑን የሚያጠነክረው እሱ ነው።

8. ስቱኮና ማለስለስ

ገጹን በ80 ቁጥር ፍቁ፤ ስቱኮ ለስላሳ ብረት ላይ አይነክስም። ማድረቂያውን በስቱኮው ክብደት 2 በመቶ ገደማ ጨምሩ። ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ማለት ነው። ካነሰ ሳይደርቅ ይቀራል፤ ከበዛ ቆይቶ በቀለሙ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ቀለሙ አንድ ወጥ እስኪሆን አዋህዱትና ቶሎ ቀቡት፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ መጠጠር ይጀምራል። ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ።

ሲደርቅ በ80 ከዚያ በ180 ቁጥር ፍቁ። ብርጭቆ ወረቀቱን በመያዣ እንጨት እንጂ በጣት አትያዙት። ጣት ለስላሳውን እየበላ ሞገድ ይሠራል፤ ሞገዱ የሚታየው ደግሞ ክሊር ከተቀባ በኋላ ነው። በውሃም አትፍቁ፤ ስቱኮው የጠጣው ውሃ በኋላ ቀለሙን ያሳብጠዋል።

መለስለሱን ዓይናችሁን ብቻ አምናችሁ አትወስኑ። ስስ ጨርቅ መዳፋችሁ ሥር አድርጉ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑና ከደህናው ላሜራ ጀምራችሁ በጥገናው ላይ ቀስ ብላችሁ እለፉ። ጥገናው የት እንደጀመረ እጃችሁ ካወቀ ገና ነው።

9. ፕራይመርና ቀለም

ለባዶ ብረት የሚሆን ፕራይመር ቀቡ፤ ሲደርቅ በ320 ከዚያ በ400 ቁጥር አለስልሱ። የቀለም ኮዱን በበር ምሰሶው ወይም በሞተር ክፍሉ ውስጥ ካለው መለያ ላይ ታገኙታላችሁ። ምክሬ ኮፈኑን በሙሉ መቀባት ነው። ኮፈን ጠፍጣፋና ብርሃን የሚያርፍበት ስለሆነ መሐሉ ላይ የተቀባ ቁራጭ፣ በተለይ በሚያብረቀርቅ ቀለም፣ ከሩቅ ይታወቃል።

ጥንቃቄ፦ ከማድረቂያ ጋር ተደባልቆ የሚረጭ ቀለምና ክሊር ጭሱ የመተንፈሻ አካልን ክፉኛ ይጎዳል። የአቧራ ማስክ አያስቆመውም። ተገቢው መሣሪያ ከሌላችሁ ይህን ደረጃ ለቀለም ቀቢ ተዉት። እስከ ፕራይመር ድረስ ሠርታችሁ ብትወስዱለት እንኳ ብዙ ሥራ አቅልላችኋል።

ማንሳት ካልፈለጋችሁ

ቅርጹን ወዳችሁት ቀለሙ ብቻ ካስጠላችሁ፣ በ400 ቁጥር አደብዝዛችሁ ጥቁር ማት (የማያብረቀርቅ) ልትቀቡት ትችላላችሁ። ለፕላስቲክ የሚሆን ፕራይመር ከሥሩ ይግባ፤ ያለ እሱ ቀለሙ በጥቂት ወራት እንደ ቅርፊት ይነሳል።

ቦታ ለማዛወር ወይም መልሶ ለመለጠፍ አሮጌውን ስፖንጅ ሙሉ በሙሉ አንሱና አዲስ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ተጠቀሙ። ሁለቱንም ገጽ በአልኮል ጥረጉ፤ ለጥፋችሁ በደንብ ተጫኑት። ማጣበቂያው ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከ72 ሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ አትጠቡት፣ በፍጥነትም አትንዱ።

«ከፍቼ እውነተኛ ላድርገው» ለሚሉ ደግሞ፦ ቀዳዳ ስትከፍቱ ከንፋሱ ጋር ዝናብም ይገባል። ከሥር ዲናሞ፣ ኮይልና ካንዴላ አለ። የውሃ መውረጃ ያለው መያዣ ሳታዘጋጁ አትክፈቱ። ደግሞም ኮፈኑ ላይ ተጋድሞ የተለጠፈ አጭር ስኩፕ ብዙ ንፋስ አያገኝም፤ ላሜራውን ተጠግቶ የሚያልፈው አየር ዝግ ያለ ነው። በዚህ መንገድ ጉልበት እጨምራለሁ ብላችሁ ላሜራ አትብሱ።

10. የመጨረሻ ፍተሻ

ምንጣፉን በክሊፖቹ መልሱ። የተፈታ ብሎን ሞተር ክፍል ውስጥ ወድቆ እንዳልቀረ ቁጠሩ፤ ቀበቶ ውስጥ ከገባ ጉዳት ያደርሳል። ኮፈኑን ዝጉና ጫፉን ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ከዚያ ከውስጥ ያለውን መክፈቻ ሳቡና ሁለተኛው መያዣ ኮፈኑን እንዳይከፈት መያዙን እዩ። ኮፈኑን አውርዳችሁ ከነበረ ይህን ሳታረጋግጡ መንገድ አትውጡ፤ በጉዞ ላይ የተከፈተ ኮፈን የፊት መስታወቱን በሙሉ ይጋርዳል።

አዲስ ቀለም ከሆነ ለ30 ቀን ሰም አትቀቡት፤ ገና እየደረቀ ነው። ቀዳዳ ደፍናችሁ ከነበረ ደግሞ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ኮፈኑን ክፈቱና በጥገናው ሥር ጣታችሁን አዙሩ። እርጥበት ከነካችሁ መድፈኛው አልገጠመም። ዝገት ሳይጀምር አውጡት፣ አድርቁትና ከደረጃ 7 እንደገና ጀምሩ።